የሰሜን ነፋስ በማታጎርዳ ወሽመጥ

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ውኃና ስለ አንድ ነፋስ፣ በዚያ ውኃ ላይ ስለሚመላለሱ ጀልባዎችም ነው። አገሩ ቴክሳስ ነው። ሂዩስተን ያላችሁ ወገኖቼ ታውቁታላችሁ፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ መኪና ይዞ የወረደ ሰው መሬቱ እየተኛ፣ ዛፉ እያጠረ፣ አየሩ ጨው ጨው እያለ ይመጣና ፖርት ኦኮነር የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ላይ መንገዱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ውኃ የማታጎርዳ ወሽመጥ ይባላል። ከወሽመጡ ማዶ ቀጭንና ረጅም የአሸዋ መሬት ተጋድሟል፤ ከአሸዋው ማዶ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አለ።

ይህ ወሽመጥ ሰፊ ነው፤ ጥልቅ ግን አይደለም። ጥልቀቱ በአማካይ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ለትልልቅ መርከቦች ከተቆፈረው ቦይ ውጪ፣ ጥልቅ ነው በሚባለው ቦታ እንኳ ወደ አራት ሜትር ቢሆን ነው። ረጅም ሰው ብዙ ቦታ ላይ ቆሞ ሊራመድበት ይችላል። ዋናተኛ ያልሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይረጋጋል፤ ጥልቅ ነው አስፈሪው ብለን አድገናልና። ማታጎርዳ ግን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ለገባበት ሁሉ ሌላ ነገር ሲያስተምር ኖሯል።

ከጥንቱ ልጀምርላችሁ፤ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ። በ1684 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ላ ሳል የሚባለውን አሳሽ አራት መርከብና ወደ 300 የሚጠጋ ሰው አስከትሎ ወደ አሜሪካ ላከው። ላ ሳል ከሁለት ዓመት በፊት የሚሲሲፒን ወንዝ ከላይ ወደ ታች ወርዶ አፉን ያየ ሰው ነው። አሁን ደግሞ በባሕር በኩል መጥቶ እዚያው ወንዙ አፍ ላይ ሠፈር ሊመሠርት ነው። አላገኘውም። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ አልፎት ማታጎርዳ ገባ። አንደኛዋን መርከብ ገና በመንገድ ሳሉ ስፔኖች ማርከዋታል። ዕቃ የጫነችው ኤማብል በየካቲት 1685 ወደ ወሽመጡ ስትገባ በሩ ላይ አሸዋ ያዛትና ቀረች። ሌላዋ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች። የቀረችው ትንሿ ላ ቤል ብቻ ናት።

ላ ቤልን ልብ በሉልኝ። ርዝመቷ 16 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከውኃው በታች ብዙ የማትወርድ፣ ትልልቆቹ መርከቦች በማይደርሱበት የዳርቻ ውኃ ላይ እንድትመላለስ የተሠራች ቀላል መርከብ ነበረች። ለዚህ ወሽመጥ ከእርሷ የተሻለች አልነበረችም ማለት ይቻላል።

በ1686 መጀመሪያ ላይ ላ ሳል በየብስ አገር ሊያስስ ሄዷል፤ ላ ቤል ወሽመጡ ውስጥ መልህቅ ጥላ ትጠብቀዋለች። ዙሪያዋ ውኃ ነው፤ የሚጠጣ ግን የለም። ሊቀዱ በትንሽ ጀልባ የወጡት ሰዎች አልተመለሱም። መርከቧ ላይ የቀሩትም በጥም ተዳከሙ፤ አንዳንዶቹም ሞቱ። ሸራ የሚያነሣና የሚያወርድ ጉልበት በጠፋበት ሰዓት የሰሜኑ ነፋስ ደረሰ። መልህቁ አልያዘም። ነፋሱ መርከቢቱን እየገፋ ወሽመጡን አሻግሮ ደቡቡ የአሸዋ መሬት አጠገብ ጭቃ ላይ ተከላት። ጥቂት ሰዎች ብቻ ተረፉ። ላ ሳልም በዓመቱ፣ በ1687፣ በገዛ ሰዎቹ እጅ ተገደለ።

ጭቃው ግን መርከቢቱን ጠበቃት። በ1995 የቴክሳስ ታሪክ ኮሚሽን ባለሙያዎች ወደ ሦስት ሜትር ተኩል በሚሆን ውኃ ሥር አገኟት። ዙሪያዋን በድርብ የብረት ግድግዳ አጠሩና ውኃውን በፓምፕ መጠጡት፤ ከዚያ በወሽመጡ መካከል በደረቅ መሬት ላይ ቆመው ቆፈሩ። የነሐስ መድፍ ወጣ፣ የመስታወት ዶቃ ወጣ፤ ዶቃው አንድ በአንድ ሲቆጠር ዕቃው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከመርከቢቱ አፍንጫ አካባቢ፣ በተጠቀለለ የመልህቅ ገመድ ላይ፣ የአንድ መርከበኛ አጽም ተኝቶ ተገኘ። ስሙን የሚያውቅ የለም። በ2004 ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ መካነ መቃብር በክብር አረፈ። ያ ሰው ውቅያኖስን ተሻግሮ መጥቶ፣ የመርከቡ ምሰሶ እንኳ ሊሸፈን በማይችልበት ውኃ ውስጥ መሞቱ ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል።

እንግዲህ ይህ ጥልቀት የሌለው ውኃ ጉልበቱን ከየት አመጣው?

ነፋስ ውኃን ሲገፋው የሚነሣው ሞገድ የምናየው ጉብታ ብቻ አይደለም። ከጉብታው በታች ውኃው እየዞረ ነው፤ ዙረቱም ከአንዱ ጉብታ እስከሚቀጥለው ካለው ርቀት ግማሽ ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ጥልቅ ባሕር ላይ ይህ ዙረት የሚነካው ወለል የለም፤ ሞገዱ እየረዘመ፣ እየተራራቀ፣ በሰፊው ከፍ ዝቅ እያለ ይጓዛል። መርከብም አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይወርዳል። ማታጎርዳ ላይ ግን የሞገዱ እግር ወዲያው ጭቃውን ይረግጣል። ወለሉ ይይዘዋል። ሁለት ሜትር ውኃ ላይ የትኛውም ሞገድ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር ብዙም አልፎ መሄድ አይችልም። ነፋሱ ከኋላ መግፋቱን አላቆመም፤ ሞገዱ ደግሞ መፍጠን አልቻለም፤ ስለዚህ አንዱ በአንዱ ላይ ይጠጋጋል፣ ፊቱ ይቆማል፣ ጫፉ ይሰበራል። ቁመቱ ከወገብ ባይበልጥም በየሦስት ሰከንዱ ልዩነት አንድ ይመጣል። የነፋስ ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጠዋት የተሻገሩት ውኃ ከሰዓት በኋላ የማይታወቀው ለዚህ ነው።

የዚያ አገር ጀልባ ሠሪዎች ጭንቀትም ከዚሁ ይመነጫል። ዓሣው ያለው ጥልቀት በሌለው ቦታ ነው። ሬድፊሽ የሚባለው ዓሣ ሣር በበቀለበት ውኃ ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ሸርጣን ሲፈልግ ጅራቱ ከውኃ በላይ ወጥቶ ይውለበለባል። እዚያ ለመድረስ ጀልባዋ ከውኃው በታች ከአንድ ስንዝር ብዙ ሳትሰምጥ መንሳፈፍ አለባት። ለዚህ የሚመቸው ሆዱ ጠፍጣፋ ጀልባ ነው። ሣሩም መጠበቅ አለበት፤ ከ2013 ጀምሮ በቴክሳስ ዳርቻ ሁሉ የባሕር ሣርን በፕሮፔለር መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው፤ ተገቢም ሕግ ነው፤ የዓሣው ማሳደጊያ እርሱ ነውና። ታዲያ ዓሣው ዘንድ ለመድረስ ያንን አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ መሻገር ግድ ነው። ሞገድ ለመሻገር የሚመቸው ሆዱ ሹል ሆኖ ውኃውን የሚሰነጥቅ ጀልባ ነው። ሹሉ ጥልቀት ይፈልጋል፤ ጠፍጣፋው ሞገድ ላይ የተሳፋሪውን ወገብ ይሰብራል። አንዱን ያገኘ ሌላውን ያጣል።

መንታዋ ጀልባ፣ ካታማራን የምንላት፣ የገባችው በዚህ መሐል ነው። ሐሳቡ የቴክሳስ አይደለም። የደቡብ ሕንድ ዓሣ አጥማጆች ግንድ ከግንድ አስረው ማዕበል ሲሻገሩ፣ የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎችም ሁለት ታንኳ በመሎጊያ አጣምረው ውቅያኖስ ሲያቋርጡ ኖረዋል። በ1876 ናትናኤል ሄሬሾፍ የተባለ አሜሪካዊ አማሪሊስ ያላትን መንታ ጀልባ ሠርቶ ኒው ዮርክ ላይ ውድድር ገባ፤ ትልልቆቹን የሸራ ጀልባዎች ጥላቸው ሄደች፤ ከዚያ በኋላ የእርሷ ዓይነት ከመደበኛው ውድድር ተከለከለ። የቴክሳስ ሠሪዎች ይህንን ሐሳብ ወስደው ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎችን፣ ማለትም የጀልባ አካላትን፣ ጎን ለጎን አደረጉ፤ ከላይ በሰፊ ወለል አገናኟቸው፤ በመሐላቸው ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ ክፍት ዋሻ ተዉ። ክብደቱ በሁለቱ ላይ ስለሚከፈልና ጀልባዋ ሰፊ ስለሆነች ብዙ አትሰምጥም። እያንዳንዱ ቀፎ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ሞገዱን በመጠኑም ቢሆን ይሰነጥቃል። ስትፈጥን ዋሻው ውስጥ የገባው አየር ተጨምቆ ከሥር ይደግፋታል።

አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሄደ ሰው እግሩን ማራራቅ ምን ያህል እንደሚያግዝ ያውቃል። መንታዋም የምትቆመው እንደዚያ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጎን ቆሞ መንጠቆ ቢወረውር ብዙም አታዘነብልም።

በሉ እንሳፈርባት። ታኅሣሥ ነው እንበል፤ ርዝመቷ ሰባት ሜትር የሚሆን፣ ኋላዋ ላይ ሞተር የተንጠለጠለባት መንታ ጀልባ ናት። ነጂው እዚያው ፖርት ኦኮነር ተወልዶ ያረጀ ሰው ይሁን። ከሁሉ አስቀድሞ የነፍስ አድን ሰደርያ ያስለብሰናል፤ ከሞተሩ ማጥፊያ ጋር የተያያዘችውን ገመድ ደግሞ ከራሱ ጋር ያያይዛል። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ እንዲህ ባሉ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ገመዷን ማያያዝ የፌዴራል ሕግ ነው፤ ነጂው ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጀልባዋም ዞራ በሰው ላይ አትመጣም። ሰደርያውን ሲያጠብቅላችሁ አታጉረምርሙ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2023 በመዝናኛ ጀልባ አደጋ የሞቱ 564 ሰዎችን መዝግቧል፤ አሟሟታቸው ከታወቀው አራት ሦስቱ የሰጠሙ ናቸው፤ ከሰጠሙት ደግሞ ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ሰደርያ አልለበሱም ነበር።

ጠዋቱ ለብ ያለ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ በዝግታ ይነፍሳል። ወሽመጡን ተሻግረን ከአሸዋው መሬት ጥግ፣ ላ ቤል ከተቀበረችበት ብዙ ሳንርቅ፣ ትራውትና ሬድፊሽ እናጠምዳለን። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ቀጥ ይላል። ውኃው ይረጋል። ከተማ ለለመደ ሰው ይህ ምቹ ሰዓት ነው፤ ነጂው ግን መንጠቆውን መሰብሰብ ጀምሯል። ወደ ሰሜን ተመልከቱ ይላችኋል፤ አድማሱ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል። ቀዝቃዛው አየር ከአህጉሩ መሐል ተነሥቶ እየወረደ ነው። ሲደርስ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፤ ነፋሱም ከተቃራኒው ወገን ይመታል።

ፖርት ኦኮነር ከእኛ በስተምዕራብ ናት። በቀጥታ እንሂድ ካልን ሞገዱ ከጎን ይመታናል። የመንታ ጀልባ ጠባይ ከሁሉ የሚከፋው ያኔ ነው፤ ሰፊና ግትር ስለሆነች የውኃውን ፊት ሁሉ ትከተላለች፤ አንዱ ቀፎ ጉብታ ላይ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ድንገት ታዘነብላለች፣ ድንገት ትመለሳለች። ሹሏ ጀልባ ቀስ ብላ ትወዛወዛለች፤ መንታዋ ትንገጫገጫለች። ስለዚህ ነጂው መንገዱን ያስረዝማል። አፍንጫዋን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ኢንዲያኖላ ዳርቻ ያዞራል፤ ሞገዱን ፊት ለፊት፣ ትንሽ ወደ ትከሻዋ አድርጎ ይቀበለዋል። ነፋሱ የሚመጣው ከየብሱ ስለሆነ ወደ ዳርቻው በቀረብን ቁጥር ሞገዱ የሚያድግበት ሜዳ ያጥራል።

አሁን እጁን ተመልከቱ። መጀመሪያ ሞተሩን ዝቅ ያደርጋል። ሣር ላይ ሲሄድ ከፍ አድርጎት ነበር፤ ሞገድ ላይ ከፍ ያለ ፕሮፔለር አየር ይስብና መያዣ ያጣል። ከዚያ ዓሣና በረዶ የያዘውን ሣጥን ወደ መሐል ያስጎትታል፤ ሰውንም ግራና ቀኝ ያመዛዝናል። ይህች ጀልባ ክብደት አትወድም። ሸክም በበዛባት ቁጥር የዋሻው ጣሪያ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ሞገዱ ሲያገኘው ጀልባዋ በሙሉ ትንቀጠቀጣለች።

ከዚያ ፍጥነቱ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንሂድ እንበል፤ ሞገዱም ወደ እኛ እየመጣ ነው፤ በየሰከንዱ ከአንድ በላይ ሞገድ እንመታለን ማለት ነው። «ታዲያ ለምን ዝግ አይልም?» ትሉኝ ይሆናል። ሹል ጀልባ ቢሆን ዝግ ይል ነበር። መንታዋ ዝግ ስትል ግን ከሥር የደገፋት አየር ይጠፋል፣ ትሰምጣለች፣ የዋሻው ጣሪያ እያንዳንዱን ጉብታ ይቀበላል። ብትፈጥን ደግሞ ከጉብታው ተነሥታ ትወድቃለች። በሁለቱ መካከል አንድ ጠባብ ፍጥነት አለ፤ ነጂው እርሱን የሚፈልገው በእግሩ ነው። ወለሉ ሲለሰልስ ይሰማዋል። እጁ ከነዳጅ መስጫው ላይ አይነሣም፤ ትልቁ ሞገድ ሲመጣ ይቀንሳል፣ ሲያልፍ ይመልሳል። አንዳንዴ ዋሻው ውስጥ የታፈነው አየር በፊት በኩል ያመልጥና ውኃውን ረጭቶ ፊታችንን ያጥበዋል። የዚያ አገር ሰዎች ጀልባዋ አስነጠሰች ይላሉ።

ስትታጠፍም ሰውነታችሁን አዘጋጁ። ሌላው ጀልባ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ከእነዚህ መንታዎች ብዙዎቹ ጠፍጣፋ እንደሆኑ ይታጠፋሉ፣ አንዳንዶቹም ወደ ውጭ ያዘነብላሉ። ያላወቀ ተሳፋሪ ይወረወራል።

ሳልነግራችሁ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። መንታ ጀልባ ለማዘንበል መጀመሪያ ላይ በኃይል እምቢ ትላለች። አንደኛው ቀፎ ከውኃ ከወጣ በኋላ ግን እምቢታዋ ይደክማል፤ ከተገለበጠችም ተገልብጣ ትረጋጋለች፣ በራሷ አትመለስም። በ1978 ሆኩሌአ የምትባለው የሃዋይ መንታ ታንኳ በሞሎካይ ሰርጥ በከባድ ነፋስ ተገለበጠች። ሰዎቹ ቀፎዋን ይዘው ካደሩ በኋላ ኤዲ አይካው የሚባለው የታወቀ የማዕበል ተንሸራታች በሰርፍ ሰሌዳ እርዳታ ሊጠራ ወጣ። ሌሎቹ ተረፉ፤ እርሱ አልተገኘም። የማታጎርዳ ነጂም ጀልባው ላይ ጸንቶ መቆሙን አያምነውም። ወለሉ ስላልተነቃነቀ ብቻ ውኃው ይቻላል ብሎ አይፈርድም፤ ውኃውን ራሱን፣ ነጭ ጫፉን፣ የሞገዱን ርቀት ያያል።

እነሆ ኢንዲያኖላ ጥግ ደረስን። እዚህ በ1800ዎቹ ትልቅ ወደብ ነበረ። በ1856 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ ያስመጣቸውን ግመሎች ያወረደው እዚህ ነው። በ1875 አውሎ ነፋስ ከተማዋን ሰባበራት፤ በ1886 ሌላው መጥቶ ጨረሳት። ዛሬ ዳርቻው ላይ የላ ሳል ሐውልት ቆሟል።

ከዚህ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ነፋሱ ከኋላችን ይሆናል። ድምፁ ይቀንሳል፣ ቅዝቃዜውም የቀለለ ይመስላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። መንታዋ ፊቷ ቀጫጭን ስለሆነ ከሞገዱ ጀርባ ወርዳ የፊተኛውን ስትደርስበት ሁለቱ አፍንጫዎች ሊቀበሩ ይችላሉ፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ከተቀበረ ደግሞ መሪው ሳይነካ ወደዚያ ወገን ትጠመዘዛለች። ነጂው የሞተሩን ማዕዘን ለውጦ አፍንጫዋን ከፍ ያደርጋል። የፊቱን ሞገድ ጀርባ ይዞ ይከተለዋል፤ ሲያልፈውም በሰያፍ እንጂ ቀጥ ብሎ አይወርድም። እንዲህ እያለ ፖርት ኦኮነር ያስገባናል።

ነገሩ ግን ከጀልባ በመውረድ አያልቅም። የሰሜኑ ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ሲነፍስ ያድርና ውኃውን ራሱን ወደ ባሕረ ሰላጤው ገፍቶ ያስወጣዋል። በማግስቱ ሬድፊሽ ጅራቱን ያውለበለበበት ሣር ብቅ ብሎ ይታያል፤ ከስንዝር ብዙ የማትሰምጠው ጀልባም የምትንሳፈፍበት ስንዝር አታገኝም። ነፋሱ ሲበርድ ውኃው ይመለሳል፤ እስከዚያ ድረስ ሜዳው ላይ የገባ ሰው ጭቃ ላይ ይቀመጣል። ዓሣውም ይህን አይጠብቅም፤ ውኃው ሲጎድልና ሲቀዘቅዝ ወደ ጥልቁ ቦይ ይወርዳል። ቅዝቃዜው ከከፋ ቦዩም አያድነውም፤ በየካቲት 2021 በቴክሳስ ዳርቻ በዚያ ታላቅ ብርድ ወደ 3.8 ሚሊዮን ዓሣ እንዳለቀ የክልሉ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ገምቷል።

ዛሬ ብርዱ ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ነጂያችን ሜዳውን ትቶ በመርከቦቹ ቦይ ጠርዝ ላይ መልህቅ ይጥላል፤ መንጠቆውንም እስከ ወለሉ ድረስ ያወርዳል።